ሟቹ የሚቆፍረው አፈር

ደጅይጥኑ መሞቱን የሰማው ቁርስ ላይ ነው። ሁለተኛውን ጉርሻ ጠቅልሎ አፉን ሲከፍት፣ ተከራያቸው መምህር ምንዋጋው ከካርቶኑ ውስጥ መዳፍ የምታህል ካርድ መዝዞ እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እየመለሰ ማንበብ ጀመረ። ካርዷ ላይ የደጅይጥኑ ሚስት ወለተ ሐና አለች፤ ጥቁር ነጠላ ተከናንባ፣ የሸክላ ወጭት ታቅፋ፣ ከካሜራው በቀር ሁሉን ነገር እያየች። «ይህን ወጭት የሠራችው ወለተ ሐና ናት» አለ መምህሩ፣ ሰባ ተማሪ ፊት የቆመ ይመስል ድምፁን ከፍ አድርጎ። «የምትኖረው በሰሜን ኢትዮጵያ ተራሮች መካከል ነው። ባለቤቷ ከሞተ ጀምሮ አፈሩን ብቻዋን እየቆፈረች፣ ብቻዋን እየተሸከመች...» እዚህ ላይ ድምፁ እንደሚተነፍስ ጎማ ቀስ እያለ ወረደ። ፊቱ የተቀመጠውን ሟች አየና ካርዷን ገልብጦ ምንም ያልተጻፈበትን ጀርባዋን ማጥናት ያዘ።

ደጅይጥኑ ጉርሻውን ትሪው ላይ መለሰው።

«አፈሩን ማን ቆፈረው ይላል?»

«አያ ደጅይጥኑ፣ እንግሊዝኛ እኮ አንዳንዴ...»

«አፈሩን ነው ያልኩህ፣ መምህር።»

«እሳቸው። ብቻቸውን።»

ሌላ ሰው ቢሆን መሞቱ ይቀድምበት ነበር፤ ደጅይጥኑን ያንገበገበው ግን አፈሩ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከከተማው ወጥቶ፣ ወንዝ ዳር ካለው ጉድጓድ፣ ቀዩን ለብቻ ጥቁሩን ለብቻ እየቆፈረ፣ በምላሱ ጫፍ እየቀመሰ ጨው ያለበትን እየጣለ፣ በአህያ ጭኖ የሚያመጣው እሱ ነው። ማገዶውን የሚለቅመው፣ ሸክላው የሚተኮስ ዕለት ጭሱን የሚጠጣውም እሱ ነው። ወለተ ሐና ቅርጽ ታወጣለች፣ በጠጠር ታለሰልሳለች፣ ሥራው ሲያልቅ እርጥቡ ወጭት ታች ላይ አውራ ጣቷን ጫን ታደርጋለች፤ ማኅተሟ ናት። በእሷ እጅ ማንም ክርክር የለውም፤ ብቻ ያለ ጭቃ እጅ ምን ያደርጋል? ይህን ሁሉ ሊናገር ወደ ሚስቱ ዞረ። እሷ በሩ ሥር ተቀምጣ፣ ካርቶኑን አጠገቧ አድርጋ፣ በየወጭቱ ጆሮ ላይ ካርዱን በክር ታስራለች። ቀና አላለችም። አንዱን መርዶ አስራ ወደሚቀጥለው አለፈች።

«ታውቂ ኖሯል» አላት።

ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ምንዋጋው ወደ ክፍሉ ልሂድ ልቅር እያለ ግማሽ ተነስቶ ግማሽ ተቀምጦ ቀረ። ሰውየው ከደብረ ታቦር ተመድቦ ሰቆጣ ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነው። ሌላ ቦታ ሺህ አምስት መቶ የሚባለውን ክፍል እዚህ በሰባት መቶ ሲያገኝ ደነገጠ፤ ለምን እንደረከሰ የገባው ከወር በኋላ ነው። የሰፈሩ ሰው ወለተ ሐና በሠራችው ወጭት ይበላል፣ ከወለተ ሐና ጋር ግን አይበላም። የሸክላ ሠሪ ዓይን ይበላል ብለው ልጆቻቸውን ነጠላ ሥር የሚሸሽጉ ጎረቤቶች፣ ወጭታቸው ሲሰነጠቅ በጓሮ በር መጥተው ሌላ ይገዛሉ። መምህሩ ነገሩን ከሰማ በኋላ ሌሊቱን አሰበበትና፣ ቡዳ ቢበላው እንኳ በወር ስምንት መቶ ብር እንደሚተርፈው አስልቶ ተቀመጠ። እስካሁን አልተበላም፤ እንዲያውም ቁርስ የሚበላው እሱ ነው።

በዚህ መሃል ደጅ ላይ የባጃጅ ጥሩምባ ተነፋ። የወለተ ሐና ታናሽ እህት ይታየሽ፣ የሸክላ ሠሪዎቹ ማኅበር ሊቀመንበር፣ እግሯ መሬት ሳይነካ መጮህ ጀመረች። «ማህደር ዛሬ ናት! ሐሙስ ያለችው ዛሬ ሆነ! ትናንት ማታ ገብታ ሆቴል አድራለች!» ማህደር ከአዲስ አበባ የምትመጣ የባሕር ማዶው ገዥ ወኪል ናት። ድሮ ወጭቱን የሚወስደው በመኪና የሚዞር ነጋዴ ነበር፤ አንዱን በአርባ አምስት ብር፣ መንገድ ላይ የተሰበረው የእናንተ፣ የተረፈው የእኔ እያለ። መንገዱ ከተከፈተ ወዲህ ነው ይህ ፍትሐዊ ንግድ የሚባለው የመጣው፤ ገዥና ሠሪ ተቀምጠው ዋጋ ይነጋገራሉ፣ ግማሹ ክፍያ አስቀድሞ ይሰጣል፣ የመንገድ ስብራት የገዥው ነው። አንድ ወጭት ሦስት መቶ ሃያ ብር ሲባል ማኅበርተኞቹ በመጀመሪያ ቀን ገዥው የተሳሳተ መስሏቸው ዝም ብለው ነበር፣ እንዳይታረም። በቅድሚያው ብር ቆርቆሮ የለበሰ የማድረቂያ ዳስ ሠሩ። ከዚያ በፊት ክረምት ሲገባ እርጥቡ ወጭት አልጋ ላይ ይተኛ ነበር፣ ባልና ሚስት መሬት።

አሁን የሦስት መቶ ወጭት ትዕዛዝ አለ፤ አሥራ አንድ ሴቶች ሁለት ወር የለፉበት። ካርዷ ሁሉም ወጭት ላይ ትንጠለጠላለች። ውሉ ላይ ደግሞ አንድ መስመር አለች፤ ስለ ሠሪዎቹ የተነገረው ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ገዥው ትዕዛዙን መሰረዝ ይችላል ትላለች።

«እና ማን ገደለኝ?» አለ ደጅይጥኑ።

«ማንም አልገደለህም። ያ ፎቶ አንሺ ልጅ አምና ሲመጣ ወለተ ሐና ለአክስታችን ከል ለብሳ አልነበረም? ጥቁሩን አየና ባሏ ሞቷል ብሎ ጻፈ። ከተማ ያደገ ልጅ ነው፣ ሰው ለአክስቱ ጥቁር እንደሚለብስ ምን ያውቃል! እኛ ስንሰማው ካርዱ ታትሞ፣ ወጭቱ ባሕር ተሻግሮ፣ ተሽጦ አልቋል። ቶሎ ላኩልን አሉ። ምን ልበላቸው? ባሏ ተነስቷል ልበል?»

ያን ቀን ቢጫ ሻሽ አስራ ስለመጣች እንጂ ከማኅበሩ ውስጥ ባሏ የሞተባት ወለተጊዮርጊስ ነበረች። ልጁ እሷን «አንቺ ፈካ ብለሻል» ብሎ አልፏታል።

«ስለዚህ» አለች ይታየሽ፣ «ዛሬ አንድ ቀን አትኑር። ነገ እንደ ልብህ ኑር።»

«ተዝካሬስ? ሰው ሞቶ አንድ ጋን ጠላ እንኳ አይጠመቅለትም?»

«የሐዘኑን ስጦታ ማን ወሰደው? አንገትህ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

ደጅይጥኑ እጁን ወደ አንገቱ ሰደደ። አረንጓዴ ሆኖ ቢጫ መስመር ያለው የሱፍ ሻርፕ ነው፤ ከስምንት ወር በፊት ወለተ ሐና «ከባሕር ማዶ መጣ» ብላ የጠመጠመችለት። ለቤተ ክርስቲያንም ለጉድጓድም ከአንገቱ ወርዶ አያውቅም። ለካስ ካርዷን አንብባ ያለቀሰች አንዲት ባልቴት ለሐዘንተኛዋ ብላ በእጇ የሠራችው ነው። የገዛ ራሱን ማጽናኛ ጠምጥሞ ስምንት ወር ዞሯል። ሊያወልቀው ጫፉን ያዘ፤ ግን ጠዋት ነው፣ ብርድ አለ፣ ተወው። በአፍ መፍቻው በኽምጣኛ የጀመረውን ስድብ በአማርኛ ሊጨርስ ሲል ግን ወደ ሚስቱ አየ። ይታየሽ የፈለገችውን ትበል። አንድ ቃል የሚፈልገው ከወለተ ሐና ነው፤ አይሄድም፣ ባሌ ነው፣ ቤቱ ነው እንድትል። ወለተ ሐና የያዘችውን ወጭት አስቀመጠች፣ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

«አፈር አልቋል» አለች።

ደጅይጥኑ ዶማውን አነሳ፣ ሁለት ባዶ ማዳበሪያ አህያው ላይ ጣለና ወጣ።

ሰው መሞቱ ሲነገረው ከተማዋን በሌላ ዓይን ያያታል የሚባለው እውነት አይደለም፤ ሰቆጣ እንደ ትናንቱ ናት። ባጃጆቹ አህያውን እያስደነገጡ ያልፋሉ፣ ዘይት ትናንት ከነበረው አሥር ብር ጨምሯል፣ የባለሱቁ የአማረ ራዲዮ አሁንም ሁለት ጣቢያ ባንድ ላይ ያወራል። «እንደምን አደርክ፣ ደጅይጥኑ?» አለው አማረ ከባንኮኒው ጀርባ። «አለሁ» ሊል አፉን ከፈተና ቃሉን መለሰው፤ አለሁ ማለት ዛሬ አሥራ አንድ ሴቶችን ያከስራል። «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ አለፈ። ቅቤ ሻጯ ባንቺ ግን እንዲህ በቀላሉ አለቀቀችውም። ባለባጃጁ ይታየሽን እዚያ አድርሶ ወሬውን እዚህ አራግፎ ኖሯል። ባንቺ የልጇን ፊት በነጠላዋ ሸፈን አድርጋ፣ እንደ ልማዷ አምስት እርምጃ ርቃ ቆመችና፣ «ወዬ ጉድ፣ ሞትክ አሉ?» አለችው። «ለጊዜው» አላት። ባንቺ ትንሽ አሰበች። «ከሞትክስ እንግዲህ» ብላ ነጠላውን ከልጁ ፊት ላይ አወረደች። ልጁ አየው፣ ሳቀ። ደጅይጥኑ ይህን ልጅ ከተወለደ ጀምሮ ፊቱን ሲያይ የመጀመሪያው ነው፤ ጆሮው ትልልቅ ነው። ሞት እንዲህ ጥቅም እንዳለው አላወቀም ነበር።

ጉድጓዱ ጋ ሲደርስ ሻርፑን ሳያወልቅ ወርዶ መቆፈር ጀመረ። ላይ ላዩ ድንጋያማ ነው፣ ክንድ ተኩል ከወረዱ በኋላ ነው ደህናው ጥቁር የሚገኘው። ቆንጥሮ ቀመሰ። ጨው የለውም። ሌላ ቀን ይህን ሲያገኝ ለወለተ ሐና ጓሉን ለይቶ በቅጠል ጠቅልሎ ያመጣላት ነበር፣ ለወጭቱ ጆሮ መሥሪያ የሚሆነውን። ዛሬ ከቀረው ጋር ቀላቀለው። ቀጥሎ ግን ተጸጸተ፣ ጎንበስ ብሎ ይለቅም ጀመር፤ ጥፋቱ የአፈሩ አይደለም። እያሰበ የነበረው ስለ ስምንቱ ወር ነው። በስምንት ወር ስንት ራት አለ? ስንት ጊዜ እሳት ዳር ተቀምጠዋል? አንድ ቀን «አየህ፣ ሞተሃል» ለማለት ምን ያህል ትንፋሽ ይፈጃል?

ስድስት ሰዓት ላይ የመኪና ድምፅ ሰማ። ማህደር ወጭቶቹን ቆጥራ፣ ዳሱን አይታ፣ አሥር ሴቶችን አነጋግራ ስታበቃ «አሁን ደግሞ ወይዘሮ ወለተ ሐና ብቻቸውን የሚቆፍሩበትን ቦታ በስልኬ ልቅረጽ» ብላ ነበር። ይታየሽ መንገዱ ተበላሽቷል አለች፣ ሾፌሩ ደህና ነው አለ። ወንዙ ሞልቷል አለች፣ ጊዜው ጥር ነው። መኪናው ጉድጓዱ አፍ ላይ ሲቆም ደጅይጥኑ እስከ ወገቡ መሬት ውስጥ ነበር፤ ለሟች የሚሆን ቦታ ነው። ከፊት ወንበር ወለተ ሐና ወረደች፣ ያንኑ ጥቁር ነጠላ አልብሰዋታል። የአክስቷ ዓመት አልፎ ካወለቀችው ወራት ሆኖታል።

«እኚህስ?» አለች ማህደር።

«የቀን ሠራተኛ ነው» አለች ይታየሽ ፈጠን ብላ። «ለዛሬ ብቻ።»

ማህደር ማስታወሻዋን አወጣች። «ጥሩ። በቀን ስንት ይከፈልዎታል?»

ደጅይጥኑ ወደ ሚስቱ አየ። ሚስቱ ወደ አህያው አየች።

«አይከፈለኝም።»

«በወር ነው ማለት ነው?»

«በወርም አይከፈለኝም።»

«ስንት ጊዜ ሠሩ?»

«ግንቦት ሲመጣ ሃያ ሦስት ዓመት ይሞላኛል።»

እስክሪብቶው ቆመ። «ሃያ ሦስት ዓመት ያለ ክፍያ?»

«ምሳ አለኝ» አለ ደጅይጥኑ፣ ውሸት እንዳይገባበት እየተጠነቀቀ። «ራትም ይሰጡኛል። ቁርስም ነበረኝ፣ ዛሬ አልጨረስኩትም እንጂ።»

«የሚያድሩትስ የት ነው?»

«እሷው ጋ።»

ሾፌሩ ወደ ጎማው ጎንበስ አለ፤ ጎማው ምንም አልሆነም። የይታየሽ ፊት ተተኩሶ እንደወጣ ሸክላ ቀላ፤ ገዥው ከሐሰት ይልቅ የሚጠላው ነገር ቢኖር ሰውን በነፃ ማሠራት እንደሆነ እሷ ታውቃለች፣ ሦስት ቀን ሥልጠና ወስዳበታለች። ማህደር ሰውየውን አየች፣ ሐዘንተኛዋን አየች፣ ከዚያ አረንጓዴው ሻርፕ ላይ ዓይኗ ቀረ። ከአዲስ አበባ ፖስታ ቤት ተቀብላ እዚህ ድረስ የላከችው እሷ ናት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ወደ ወለተ ሐና ዞረች።

«እማማ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ይህን ሰው በግድ ነው የሚያሠሩት?»

«አንዳንዴ» አለች ወለተ ሐና። ጠዋት አፈር አልቋል ካለች ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏ ነው። ጥቁሩን ነጠላ ከራሷ ላይ ገፈፈችና ክንዷ ላይ አጣጠፈችው። «ሟቹ እሱ ነው። ባሌ ነው። አፈሩን የሚቆፍረው እሱ ነው፣ እኔ ዶማ ይዤ አላውቅም።»

ደጅይጥኑ ጉድጓዱ ውስጥ እንዳለ ቀና አለ፤ የጠዋቷ ቃል ዘግይታም ቢሆን ደርሳለች፣ ምን አስከትላ እንደምትመጣ ግን ማንም አያውቅም። ይታየሽ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። በአሥራ አንድ ሴቶች ስም መቀመጧ ነው።

«ፎቶ አንሺው ባልዎ ሞቷል ወይ ብሎ ጠይቆዎታል?» አለች ማህደር በመጨረሻ።

«ቀና በይ ብቻ ነው ያለኝ።»

ማህደር የሆነ ነገር ለራሷ አለች፣ ደህና ቃል አይመስልም። ከቦርሳዋ የዋጋ ወረቀቱን አወጣችና ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። የቅርጽ ማውጫ ሰዓት፣ የማለስለሻ ሰዓት፣ ሁሉም ተጽፏል። አፈር፣ ዜሮ። ቁፋሮ፣ ዜሮ። ማገዶ፣ ዜሮ። «ይህን ማን አስሞላው?» አለች።

«አፈር የእግዜር ነው ብዬ...» አለች ይታየሽ። «ቆፋሪ ልጽፍ ብል ደግሞ ማን ልበል? ሰውየው ሞቷል።»

«እኛ እኮ የምንከፍለው ለሥራው ነው። ግማሹን ሥራ ቀብራችሁት ነው እንዴ ዋጋ የተነጋገርነው?» እያለች እየቆጠረች ደጅይጥኑን ትጠይቀው ጀመር፤ በሳምንት ስንት ቀን፣ ከንጋት እስከ ስንት ሰዓት፣ አህያው ስንት ጊዜ ይመላለሳል። ደጅይጥኑ በሕይወቱ ስለ ቁፋሮ የጠየቀው ሰው የለምና እስከ ምላሱ ድረስ አስረዳት፤ አፈሩን አቀመሳት። ቀመሰች። አንድ ወጭት ሦስት መቶ ስልሳ አምስት ብር ሆነ።

ከዚያ ግን ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ወጥታ ለገዥው ደወለች። ረጅም ጊዜ ቆማ አወራች፣ እጇን እያወናጨፈች። ስትወርድ ግማሽ ፊቷ ነው የሳቀው። ስህተቱ ገዥው የላከው ፎቶ አንሺ የሠራው ስለሆነ ውሉ አይፈርስም፣ ቅድሚያው ክፍያ አይመለስም አለች፤ ካርዱ ግን ይጣላል፣ ቀድሞ ለገዙትም እውነቱ ይጻፍላቸዋል። ትዕዛዙ ሁለት መቶ ብቻ ይሆናል። ባል ያላት ሴት ወጭት ምን ያህል እንደሚሄድ አናውቅም ብለዋል።

ይታየሽ በጣቷ አሰላች። «ትንሣኤህ ሃያ ሦስት ሺህ ብር አስወጣን።»

«መቶውን ወጭት ገበያ አውጥተን እንሸጠዋለን» አለች ወለተ ሐና። «ከእንግዲህ በአርባ አምስት ብር ግን አይደለም።»

ሲመለሱ ይታየሽ አንድ መላ መጣላት፤ ባሏ በእውነት የሞተባት ወለተጊዮርጊስ አለች፣ ለምን ካርዱ ላይ እሷ አትሆንም? ዳሱ ሥር ሄደው ጠየቋት። ወለተጊዮርጊስ ጭቃውን እያሸች፣ «የኔ ባል በሕይወቱ አንድ ዶማ አፈር አልቆፈረም። ሞቶ ለወጭት አይረዳኝም፣ ተዉት» አለች። ስለዚህ ባልና ሚስቱ ለአዲሱ ካርድ አብረው ቆሙ። ማህደር ፈገግ በሉ ብትል ደጅይጥኑ ትንፋሹን ያዘ፣ አንገቱን አቀና፣ ዓይኑን አፈጠጠ። ምስሉን ያየው መምህር ምንዋጋው፣ «አያ ደጅይጥኑ፣ በዚህኛው ነው የሞቱ የሚመስሉት» አለ። ጽሑፉንም መምህሩ ሊያርመው ተስማሙ። «ከባለቤቷ ጋር» የሚለውን ሰርዞ «ከደጅይጥኑ ጋር» ብሎ ጻፈና አንብቦ አሰማው። ደጅይጥኑ ሦስት ጊዜ አስነበበው።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ግቢው ጭር አለ። ወለተ ሐና አዲሱን ጥቁር አፈር አሽታ፣ አንድ ወጭት አውጥታ፣ በጠጠር ስታለሰልስ ደጅይጥኑ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ስምንት ወር» አለ።

ጠጠሩ ቆመ። «ብነግርህ ሻርፑን ታወልቀው ነበር።»

«አወልቀው ነበር።»

«ወደድከዋ» አለች። «ስትተኛ እንኳ አታወልቀውም። ዛሬ እነግረዋለሁ እላለሁ፣ ጠምጥመህ ስትመጣ ሳይህ ነገ እላለሁ።»

ደጅይጥኑ የሻርፑን ጫፍ ያዘና ለቀቀው። ወለተ ሐና ወጭቱን ገለበጠችና እርጥቡ ታች ላይ አውራ ጣቷን ጫን አደረገች። ከዚያ ወደ እሱ ገፋ አደረገችው። «ያንተንም» አለች።

«የኔን?»

«አፈሩ ያንተ አይደል? አጠገቧ አድርገው።»

እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ አውራ ጣቱን በምራቁ አራሰ፣ ትንፋሹን እንደ ፎቶው ያዘና ሃያ ሁለት ዓመት ዶማ በጨበጠበት ጉልበት ተጫነ። ጣቱ ወጭቱን በስቶ በዚያኛው ወገን ወጣ።

ወለተ ሐና ጣቱን አየች፣ ወጭቱን አየች። ቀኑን ሙሉ አምቃ የያዘችው ሳቅ ፈንቅሏት ወጣና መምህሩን ከክፍሉ አስወጣው።

«ይኸው፣» አለች እንባዋን በጭቃ እጇ እየጠረገች፣ «ገና ከመነሳትህ ወጭቴን ገደልክ!»